አስራ አምስቱ ፖርቶች

ሞላልኝ ኮምፒውተሩን የሠራው በገዛ እጁ ነው። ቦርዱን ከደሴ፣ ካርዱን ከኮምቦልቻ፣ ሳጥኑን ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ለቃቅሞ ገጣጠመና የአፕልን ሲስተም ጫነበት። የአፕል ሰዎች ቢያዩት መቀየማቸው አይቀርም። እሱ ግን የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግበት እንጀራው ነበር።

እንዲህ ያለ ማሽን አመል አለው። ከአስራ አምስት በላይ የዩኤስቢ ፖርት፣ ገመድና ፍላሽ የሚሰካበትን ቀዳዳ፣ አይቀበልም፤ እነሱም ቢሆኑ አንድ ፋይል ላይ በስም በስማቸው ካልተጻፉለት ፊቱ ተገትረው እያለ አያያቸውም። ፋይሉን ሞላልኝና ጓደኛው ስለሺ ሁለት ቅዳሜ ፈጅተው አብረው ጽፈውታል።

ሐሙስ ጠዋት ፖርቶቹ መሥራት አቆሙ። ከቀን ሁሉ በዚያ ቀን።

አንድ የአዲስ አበባ ፊልም ድርጅት ኤዲተር ይፈልጋል። የሥራ ናሙናውን በዚያው ዕለት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ያልላከ አይታይለትም። የሞላልኝ ሚስት ፀሐይነሽ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ አራት ዓመት ሆኗታል። ቋሚ ሥራ ባገኘህ ቀን ጠቅልዬ እገባለሁ ብላዋለች። በጣም ናፍቃዋለች፤ አልጋው ባዶ ሆኖበት ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመረ ቆይቷል።

ለዚያው ሥራ ስለሺም አመልክቷል።

ስለሺ የመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ማታውን ስክሪኑን ላስቀይርልህ ብሎ የሞላልኝን ስልክ ወደ ኮምቦልቻ ወስዶት ነበር። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ እኮ ዓመት አልፎታል።

"ስልኬስ?"

"አላለቀም። ነገ ይደርሳል።"

ሞላልኝ ለቁርስ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ስለሺ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል።

"ዝም ብዬ እያየሁት ነው" አለ።

ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ሞደም አልታይ አለ። ፍላሽም አልታይ አለ። ከኪቦርዱና ከማውሱ በቀር የሚሰማ ጠፋ። ሞላልኝ ገመድ ቀየረ፣ ከፊት ነቅሎ ከኋላ ሰካ፣ አጥፍቶ አበራ፣ ሳጥኑን ከፍቶ አቧራውን እፍ አለ። ስለሺ አጠገቡ ሆኖ ፓወር ሳፕላዩ ይሆናል ይላል፤ እሱ ሲፈተሽ ደግሞ ቦርዱ ይሆናል ይላል። እያንዳንዱ ምክር ግማሽ ሰዓት በላ።

"ዲስኩን ፈትቼ ኢንተርኔት ቤት ልውሰደው?"

"የነሱ ዊንዶውስ ነው፤ አያነብልህም" አለ ስለሺ። እውነቱን ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ አከራዩ እትዬ ጀሊላ የሽሮ ፍርፍር ይዘው ገቡ። ምሳ አምጥተውለት አያውቁም።

"እትዬ፣ ዛሬ ጊዜ የለኝም።"

"ወላሂ ሳትጨርስ ንቅንቅ አልልም። ብላ የኔ ልጅ።"

እስኪጨርስ ቆመው አዩት። ከስለሺ ጋር ሲተያዩም አያቸው። እሳቸውንም አሳምኗቸዋል ማለት ነው አለ በሆዱ፤ ጊዜዬን እንዲበሉብኝ።

አስር ሰዓት ላይ ያንን የፖርት ፋይል ከፈተው። ከአስራ አምስት መስመር የቀሩት ሁለት ናቸው። ፋይሉ የተነካው በዚያው ዕለት፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሞላልኝ ዳቦ ቤት ነበር።

መስመሮቹን አንድ በአንድ መልሶ ጻፈና ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው። የአፕል ምልክት የሆነችው ፖም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ወዲያው መብራት ጠፋ።

የጎረቤቱ እንጨት ቤት መጋዝ ግን እየጮኸ ነው። ሞላልኝ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ስለሺ ቆጣሪው ሥር ቆሟል፤ ፊውዙን በእጁ ጨብጦታል።

"ስጠኝ።"

ስለሺ ፊውዙን ኪሱ ከተተው።

"ሥራውን ብትፈልገው ፊት ለፊት ንገረኝ እንጂ። አንተ ብቻህን ነህ፤ እኔ ሚስቴን ላመጣበት ነበር። አራት ዓመት! ይህን እያወቅህ?"

የስለሺ ዓይን ደም መስሏል። ሞላልኝ ኅሊናው ቆንጥጦት ነው አለ በልቡ፤ ደስም አለው።

"ነገ የፈለግኸውን ትለኛለህ" አለ ስለሺ በመጨረሻ። "ዛሬ ብቻ ተኛ።"

"ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።"

አስራ አንድ ሰዓት አለፈ። ሞላልኝ ጠፍቶ የቀረውን ስክሪን እያየ አለቀሰ። ነገ ስልኩን ተቀብሎ ለፀሐይነሽ ምን ብሎ እንደሚነግራት ሲያስብ፣ ሲያስብ፣ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስለሺ እንደሚሆን አልተጠራጠረም። የሚለውን ሁሉ አሰናድቶ በሩን በረገደው።

ስለሺ ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው የሞላልኝ የነፍስ አባት፣ የእድሩ ሰዎችና እትዬ ጀሊላ፣ በመካከላቸውም በጨለማ ከቦሩ ሜዳ የመጡት የፀሐይነሽ እናት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በሁለት ሴቶች ተደግፈው።