ስሙ የተጠራ ልጅ

በየሴሚስተሩ መጨረሻ የክፍሉ ሪፖርት ለወላጆች በማይክሮፎን ይነበባል፤ ከፍተኛው፣ አማካዩ፣ ዝቅተኛው ውጤት። በዝቅተኛነት ስሙ የተጠራውን ልጅ በማይክሮፎኑ የሚሰማው ማሽን ይወስደውና በቦታው የአንደኛው ልጅ ቅጂ ይቀመጣል። የክፍሉ ልጆች አርባነት አይጎድልም።

አምና ከወላጆች የተመረጠችው አንባቢ ስንዱ ነበረች፤ ልጄን ትርሲትን ከነአባቷ ስም ጠራቻት። ምሳ ዕቃዋን እስካሁን በየጠዋቱ አጥባለሁ።

ዘንድሮ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ስንዱ ጠጋ ብላ፣ “የትርሲት እናት፣ የልጄን ስም ዝለይልኝ። ቁጥሩን ብቻ ካነበብሽ ማሽኑ ያልፈዋል” አለችኝ።

“ይህን አምናም ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር” አለች።

“ዝቅተኛ፣ ሠላሳ አንድ” ብዬ አነበብኩ። “ሱራፌል ታምሩ በዛብህ።” ከነአያቱ ጠራሁት።

ከሱራፌል ጋር የሚማረው ትንሹ ልጄ ያመጣው ሠላሳ ሁለት ነው። የሚቀጥለው ሴሚስተር አንባቢ ገና አልተመረጠም።