የሙሽራው ላዳ

ገቢሳ ካዛንቺስ ግቢው ውስጥ የላዳዋን ኮፈን ከፍቶ የሞተሩን ዙሪያ ቀይ ይቀባ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ረጋሳ የሚሞሸርባት መኪና ናት። ረጋሳ ዘመድ ሊጠራ ነቀምት እንደሄደ ገቢሳ ሞተሩን አጠበ፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ።

«ደግሞ በሠርጉ ቀን ኮፈን የሚከፍት ሙሽራ አለ?» ብላ ሚስቱ ጃለኔ ሳቀችበት።

«ረጋሳ ይከፍታል» አላት።

ወዲያው የግቢው በር ተከፈተና ጎረቤቶች ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው ገቡ። ጃለኔ አፏን በእጇ ያዘች። ከመካከላቸው ጋሽ ቢቂላ ወደ ገቢሳ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ብሩሹን አስቀምጠው። ረጋሳ መንገድ ላይ…»

«ትንሽ ናት የቀረችኝ ጋሼ» አለ ገቢሳ፣ ቀና ሳይል። «ቀለሙ ሳይደርቅብኝ ልጨርስ።»

ሴቶቹ ዋይታውን ሲጀምሩ ብሩሹን እንደገና ቀለም ውስጥ ነከረ።