የሹበር ጎል

የኡም ነኽል መንደር ክለብ ዘንድሮ ተሸነፈ። ሙቀቱ ሳይበርድ ተሸነፈ፤ ከበረደም በኋላ ተሸነፈ። በረመዳን አንዴ ቢያሸንፍ መንደሩ በግ አረደ፤ በሳምንቱ አምስት ገባበት። የመጀመሪያው አሰልጣኝ ታምሜአለሁ ብሎ ቀረ፤ ሁለተኛው ስልኩን አጥፍቶ ጠፋ። አጥቂው እግሩን ትቶ ፀጉሩን ሲያሠለጥን ከረመ። የባህሬን ትልቁ ሊግ ጠባብ ነው፤ አብዛኛው ክለብ በአንድ ስታዲየም ስለሚጫወት «በሜዳችን ቢሆን ኖሮ» የምትለዋ ሰበብ እንኳ አልነበረችም። ኡም ነኽል ከሊጉ መውረዱ ውድድሩ ሳያልቅ ታወቀ።

የቀረው ከጎረቤት መንደር ከረምላ ጋር ያለው ጨዋታ ነው። ረምላ ካሸነፈ ይተርፋል፤ ካላሸነፈ ይወርዳል።

ሐጅ መኪ ይህን ቡድን የተረከበው ሌላ የሚረከብ ስለጠፋ ነው። ድሮ የዚሁ ክለብ በረኛ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በመጨረሻው ጨዋታ መጨረሻ ላይ፣ የረምላው ሹበር የመታውን ፔናሊቲ አዳነና ክለቡ ከመውረድ ተረፈ። ፎቶው ዛሬም ፀጉር ቆራጩ ቤት ተሰቅሏል። እሱ ስለዚያ ቀን አያወራም። በሕይወቱ የሚኮራበት ግን ሌላ ነገር የለውም።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ያ ሹበር፣ አሁን የረምላ ክለብ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ ነጭ ጀለቢያውን እያስወዛወዘ፣ ሽቶው ቀድሞት መጣ። የተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ከመኪ አጠገብ ተቀመጠ። መኪ ከፔርሙዙ ቡና ቀድቶ ሰጠው። ሹበር ፊንጃሏን ተቀብሎ እግሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጣት። በሁለቱ መንደሮች ፊንጃል መሬት ያስቀመጠ ሰው ልመና ይዞ መጥቷል ማለት ነው፤ እሺ ካልተባለ አይጠጣም።

«አቡ ፋዲል» አለው መኪን በልጁ ስም ጠርቶ፣ «ተጫዋቾችህ ደክመዋል።»

«ሲጀምሩም ደክመው ነበር።»

«እናንተ እንደሆናችሁ ወርዳችኋል። ብትሸነፉ ምን ይቀርባችኋል? ለእኛ ግን የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።»

«ቡናህ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ለምን እንደማልጠጣ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ይቀዝቅዝ።»

የሹበር ፈገግታ ጠፋ። «አንድ ጎል አለብህ» አለ።

«ምን አለብኝ?»

«ያኔ ሽማግሌዎቻችሁ አባቴ ቤት መጥተው ፊንጃላቸውን ምንጣፉ ላይ ደረደሩ። ተዋልደናል፣ ተጋብተናል፣ አታዋርዱን እያሉ አለቀሱ። አባቴ ጨንቆት ‹በሉ ጠጡ› አላቸው። እኔን ጠርቶ ‹ፔናሊቲ ከመጣ ወደ በረኛው ቀኝ፣ ቀስ አድርገህ› አለኝ። ቀስ አድርጌ ሰጠሁህ። ሃያ ዓመት በላኸው እኮ!»

መኪ ከሹበር ፊት ላይ ውሸቱን ፈለገው። አላገኘውም። ይልቅ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበረው አጎቱ የዚያን ቀን እጅጌውን ይዞ ያለው ትዝ አለው፤ «ፔናሊቲ ከመጣ ወደ ቀኝህ ውደቅ።» የሽማግሌ ብልሃት መስሎት ነበር። ወደ ቀኙ ወደቀ። ኳሷም እንደ ለማዳ ድመት እጁ ውስጥ ገባች።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ከአንተ በቀር የማያውቅ አለ?» ሹበር ሳቀ። «ፎቶህን የሰቀለው ፀጉር ቆራጭ ሳይቀር።»

አጠገባቸው ሰውነቱን ያፍታታ የነበረው በረኛው ነዚር ቀጥ አለ። ከኋላው አንዱ ተጫዋች ሳቁን በማሊያው አፈነ። መኪ እነዚህን ልጆች ዓመቱን ሙሉ ንቋቸዋል፤ ስንፍናቸውን ንቋል፣ ሰበባቸውን ንቋል። አሁን ያ ሁሉ ንቀት ዞሮ ራሱ ላይ ተቀመጠ።

ተነሣ።

«ዕዳ ነው ያልከው?»

«ዕዳ ነው።»

«አንድ ጎል?»

«አንድ ጎል።»

ከመስመሩ ዳር ኳስ አንሥቶ ወደ ሜዳው ገባ። ፔናሊቲ ነጥቡ ላይ አስቀመጣትና ወደ ጎሉ አነከሰ።

«ሐጂ፣ ጉልበትዎ!» አለ ነዚር።

«ዞር በል።»

«ምን ቀልድ ነው?» አለ ሹበር። «እኔ የምልህ በጨዋታው ላይ ነው።»

«የሰጠኸው ለእኔ ነው፣ የምትቀበለውም ከእኔ ነው። እነዚህ ያኔ ከተወለዱም ሕፃናት ነበሩ።»

የረምላ ተጫዋቾች ሩጫቸውን አቁመው ተሰበሰቡ። አንዱ «ፕሬዚዳንት፣ ሽማግሌ ፈሩ እንዴ?» ሲል ሌሎቹ አሽካኩ። ሹበር ትቶ መሄድ አቃተው። ነጠላ ጫማውን አወለቀ፤ የጀለቢያውን ጫፍ ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ያዘ።

መኪ እጁን ወደ ጎን ጥሎ መሐል ላይ ቆመ። የሹበርን የእግር አጣጣል አይቶ አሁንም ወደ ቀኙ እንደሚመታ ገባው። ይደርስባት ነበር፤ በዚህ ጉልበቱም ቢሆን ይደርስባት ነበር። አልተነቃነቀም። ኳሷ አጠገቡ አልፋ መረቡን መታች።

«ዝለል እንጂ!» ብሎ ጮኸ ሹበር፤ ፊቱ ቀልቷል። «ሳትዘል እንዴት ይሆናል?»

«ያኔ አንተስ መች መታህ?»

የሳቀ የለም። መኪ ጎንበስ ብሎ ኳሷን ከመረቡ አወጣ። ሁለቱም ቡድኖች እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገ፤

«ጎል! ከዛሬ ወዲያ ረምላ ከእኛ የሚጠይቀው የለም። ከፈለጋችሁ ተጫውታችሁ ውሰዱ።»

ከዚያ ኳሷን ለነዚር ወረወረለት። «ግባ። በደንብ ያዝ።»

ነዚር ጓንቱን በጥርሱ ስቦ አጥብቆ ወደ ጎሉ ሄደ።

ዳኞቹ ከመልበሻ ክፍሉ መተላለፊያ ወጡ። ሹበር በባዶ እግሩ ነጥቡ ላይ እንደቆመ ነው፤ የጀለቢያውን ጫፍ ገና አልለቀቀም፤ ቀጫጭን ቅልጥሞቹ ለሁለት መንደር ተጋልጠዋል።