የጋሽ ጀማል ሰዓት

ቅጭል፣ ቅጭል ይላል ከጀርባዬ። ሳልዞር አውቀዋለሁ፤ ሰዓት ውስጥ የተፈታ ብሎን ነው።

«አታወዛውዙት» ብዬ ስዞር ኢክላስ ናት፣ የጋሽ ጀማል ልጅ። አባቷ ከሞቱ ሦስት ወራቸው ነው።

ሰዓታቸውን በሰዓት መጠገኛ ኪዮስኬ መስኮት ታቀብለኛለች። ፊቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ አልቋል።

«ወንድሞቼ የቻይና ነው፣ ጣይው አሉኝ። እውነቱን ንገረኝ፤ አባቴ ዕድሜውን ሁሉ ሲዋሽ ነው የኖረው?»

አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ጋሽ ጀማልን የማያውቅ የለም። ታክሲ ሲጠብቁ አጠገባቸው ለቆመ ሁሉ ሰዓታቸው የተሠራበትን ያወሩ ነበር፦ በረዶ መንገዱን የሚዘጋበት የስዊዘርላንድ መንደር፣ ክረምቱን መስኮት ሥር ተቀምጠው የሰዓት ጥርስ አንድ በአንድ የሚሞርዱ ሁለት ገበሬ ወንድማማቾች፣ ከዚያች አንድ ክፍል የወጣ ትልቅ ፋብሪካ። ከመንገዱ ማዶ ግንቡ ላይ የሚደረደሩት ልጆች እያሾፉ «ስዊዙ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ይሏቸው ነበር። እሳቸው የምር አይተው ይነግሯቸው ነበር።

ልከፍተው እፈራለሁ። ያቺን መንደር እኔም እዚችው ኪዮስክ ተቀምጬ በሐሳቤ ብዙ ጊዜ ተመላልሼባታለሁ።

የኋላ ክዳኑ ተላቆ ይወጣል። አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አድርጌ አጎነብሳለሁ። የፋብሪካው ስም ማሽኑም ላይ፣ ክዳኑም ውስጥ ተቀርጿል። ከሥሩ መንደሯ፣ ጋሽ ጀማል ሲጠሯት የኖሩት።

ከመንደሯ በታች በመርፌ የተጫሩ ቀኖች አሉ። ሰዓት ሠሪ አንድ ሰዓት ባጸዳ ቁጥር ምልክቱን እዚያ ይጭራል፤ ቀጥሎ ለሚከፍተው ሠሪ እንጂ ለባለቤቱ አይታይም። ሰባት ናቸው። የመጨረሻው ሥራውን ያስተማሩኝ የጋሽ ሙሐዲን ነው።

«አልዋሹም» እላታለሁ። ክዳኑን አሳያታለሁ፤ ቀኖቹን እነማን እንደጫሯቸውም እነግራታለሁ።

ቀኖቹን በጣቷ ትቆጥራለች። «እነዚህ ሁሉ ያውቁ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«አንዳቸው እንኳ ወጥተው አልተናገሩለትም።»

ብሎኑን ቦታው አስሬ ሰዓቱን እሞላለሁ። ትንሽ ያመነታና መሄድ ይጀምራል። ጆሮዋን ታስጠጋለች።

«አንተም ጫር» ትላለች።

ስምንተኛ ሆኜ እጭራለሁ። ክዳኑን መልሼ እገጥመዋለሁ።

ሰዓቱን ተቀብላኝ እጇ ላይ ታስረዋለች። ሰፍቷት ወደ ክርኗ ይንሸራተታል። ወዴት እንደምትሄድ አትነግረኝም። «አየር ጤና፣ አየር ጤና» የሚላትን የታክሲ ረዳት አልፋ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ልጆቹ ወደተደረደሩበት ግንብ መንገዱን ታቋርጣለች።