ቀይ መብራት የበራበት ድምፅ

ማዞሪያውን ወደ ቀኝ እገፋለሁ። የእህቴ ድምፅ ጠርዙ ላይ መሻከር ይጀምራል፤ ትንሽ ስጨምርበት እንደ ጨርቅ ይቀደዳል። አይደለም። ይኼ የተበላሸ ሬዲዮ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። መልሼ ወደ ግራ።

ዲስቶርሽን ይሉታል፤ ንጹሕ ድምፅን ሆን ብሎ የሚያሻክር ነገር ነው። ሌላው ሰው ዘፈን ያሳምርበታል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ የተተከልኩት እናቴን ላታልልበት ነው።

ከኋላዬ አልጋው ሲጢጥ ይላል። እናቴ ገብታ ተቀምጣለች። ከገመድ ያወረደችውን አንሶላ ታቅፋለች።

«ዛሬም አላገኘሁትም እንዳትለኝ።»

«አግኝቼዋለሁ፣ እማ። እያስተካከልኩት ነው።»

«ምኑ ነው የሚስተካከለው? ያኔ እንደዘፈነችው፣ እንዳለ ስጠኝ። ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ እኮ።»

እውነቷን ነው። ያን ቀን ማእድ ቤት ሆና ሰምታለች። እህቴ እዚሁ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብዬ በደረደርኳቸው ኮቶች መሀል ማይኩ ፊት ቆማ ነበር። ቀስ ብላ ጀመረች። የመጨረሻው መስመር፣ «በሩን አትዝጉት» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ወደ ማይኩ ተጠጋችና ለቀቀችው። ድምፅ ከልክ ሲያልፍ የሚበራው ቀዩ መብራት ቦግ አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ፤ እሷ ግን አላቆመችም። እናቴ እጇ እንደረጠበ መጥታ፣ «ምን ሆናችኋል! ይቺ ጡሩምባ ጎረቤቱን ልታስነሳብን ነው!» ስትል ነው እህቴ በሳቅ የፈረሰችው። ጡሩምባ ያለቻት እናቴ ናት፤ ገና በእንብርክኳ ስትሄድ ጀምሮ።

እኔ አልሳቅኩም። የማይኩን ድምፅ ከልክ በላይ ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። «ተበላሽቷል። ድገሚው» አልኳት።

«ኢንጂነሩ፣ የታመምኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ማይክህም ታሟል?»

ደገመችው። የመጀመሪያውን በጆሮ ማዳመጫው እየሰማች፣ እሱን እየተከተለች። ፀጉሯ ካለቀ ወዲህ ማዳመጫው ስለሚቆረቁራት አንዱን ጆሮዋን ገልጣ ነበር። ሁለተኛው አንድም ስንጥቅ የለበትም። ደክሟት ስለነበር ማይኩን አልተጠጋችውም። እሷ ጫማዋን አስራ ሳትጨርስ የመጀመሪያውን ቅጂ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት።

እህቴ ካረፈች አምስት ወሯ ነው። አምስት ወር ሙሉ ለእናቴ «እየፈለግኩት ነው» እላታለሁ።

«በይ ስሚ» ብዬ ድምፅ ማጉያውን እከፍታለሁ።

ሻካራው ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። የመጨረሻው መስመር ላይ በደንብ እንዲሰነጠቅ አድርጌዋለሁ፤ እኔን ራሴን ሊያታልለኝ ምንም አልቀረው። እናቴ አንሶላው ላይ አገጯን አስደግፋ ትሰማለች። ሲያልቅ ቀና ትላለች።

«ይቺ የታመመችዋ ናት» ትላለች።

«እማ…»

«ጩኸት አለበስካት እንጂ የታመመችዋ ናት። ትንፋሽ ያጥራታል። መጨረሻዋ ላይ ቶሎ አለቀባት፤ ያኔ እኮ ከማእድ ቤት እስክደርስ አላቋረጠችም። አንተ ማንን ነው የምታሞኘው?»

ፊቴን ሳላዞር እነግራታለሁ። ማጥፋቴን፣ ሳጠፋም ማንም እንዳላስገደደኝ፣ «ተበላሽቷል» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ።

ትጮኽብኛለች ብዬ እጠብቃለሁ። እሷ ትነሳና አንሶላውን ትዘረጋለች። አንዱን ጫፍ ትሰጠኛለች። ትልቅ አንሶላ ስለሆነ ሁለት ሰው ነው የሚያጥፈው፤ ይኼኛውን ጫፍ ትይዝላት የነበረችው እህቴ ናት።

«ቀይ መብራት በራ ብለህ?»

«አዎ።»

«እሷ ደግሞ መቼ በልክ ዘፍና ታውቃለች።»

አንድ ጊዜ እናጥፋለን። ሁለተኛውን ልናጥፍ ስንል ያለችኝ ነገር ይመለስብኛል። ቶሎ አለቀባት። ሁለተኛውን ቅጂ ስሠራ እሷ ዝም ካለችበት በኋላ ያለውን ባዶ ጅራት ቆርጬው ነበር። ባዶ ነው ብዬ። ጫፌን ሳልለቅ በሌላው እጄ የተቆረጠውን እስበዋለሁ፤ ማዞሪያውንም እስከ ጥግ እገፋዋለሁ። ይኼ ነገር ትልቁን ድምፅ ያሻክራል እንጂ ለትንሹ ቸር ነው፤ የማይሰማውን ሁሉ ያጎላዋል።

መጀመሪያ እሳት የመሰለ ጩኸት። ከዚያ የታመመችዋ ትንፋሿ ያልቅና ታቆማለች። የኮቶቹ መንሿሿት ይሰማል።

ከኋላው ግን አንድ ድምፅ፣ ያጠፋሁት የመጀመሪያው፣ አላቆመም። እንደ ትንኝ ቀጥኖ፣ ያኔ ከተገለጠው ማዳመጫ ወደ ማይኩ እያመለጠ፣ ይሄዳል። «…አትዝጉት» ይልና ይሰነጠቃል፣ ተሰንጥቆም ይቀጥላል።

እናቴ ወደ ድምፅ ማጉያው ታዘነብላለች። ከዚያው ጥልቀት ውስጥ ሌላ ሰው ይቆጣል፤ «ምን ሆናችኋል! ይቺ ጡሩምባ…»

«እኔ ነኝ» ትላለች በሹክሹክታ።

ከእሷ ቀጥሎ ሳቁ ይመጣል። አንሶላው በሁለታችን መሀል እንደተወጠረ ነው። ማናችንም ወደ ሌላው አንራመድም።