በሩን የሚያንኳኳው ፖሊስ

ልጄን ከማን ነው የምደብቃት? እስከ ዛሬ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ሚጣን የፖሊስ መኪና የገጫት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ነው። እጄን ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሐኪሙ ሌላ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት እንደ ልቧ አትራመድም አለኝ። ካሳ ካልተከፈለኝ ከየት አባቴ አመጣለሁ?

ሰኞ ካሳ ልጠይቅ ፖሊስ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ሾፌሩ ልጅቷ ዘላ ገባችብኝ ብሏል። ምስክር አለሽ?»

«እኔ አለሁ።»

«አንቺማ እናቷ ነሽ። ሌላ ሰው አምጪ። እስከ አርብ ካልመጣ ፋይሉ ይዘጋል።»

እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። አከራዬ፣ እትዬ የምላቸው ሴትዮ፣ ሾርባ ይዘው መጡ። እዚህ ግቢ ከገባን ገና ሁለት ወራችን ነው፤ እሳቸው ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር? የዚህን ወር ኪራይ እንኳ ተይው ብለውኛል። ሾፌሩን ስረግመው ግን ተቆጡኝ።

«ተይ ልጄ! እሱንም እናት ናት የወለደችው።»

በማግስቱ አንድ ፖሊስ ሰፈር ውስጥ ያጠያይቅ ጀመር። «እግሯ የተሰበረው ልጅ እናት ቤቷ የቱ ነው?» ይላል አሉ። ሮጬ ለእትዬ ነገርኳቸው።

«ክሱን ተይ ብሎ ሊያስፈራራሽ ነው» አሉኝ እትዬ። «እንዳትከፍቺለት! ፖሊስ የሰው በር የሚያንኳኳው ናፍቆት ሆኖበት ነው እንዴ?»

ሦስት ቀን ተመላለሰ። ባንኳኳ ቁጥር የሚጣን አፍ በእጄ ይዤ አልጋው ጥግ እሸጎጣለሁ። ጀሶዋ ግድግዳውን መትቶ እንዳያጋልጠን እግሯን አቅፌ እይዛለሁ።

«እህቴ፣ አንድ ቃል ብቻ!»

ይላል ፖሊሱ ከበሩ ውጭ፤ ሚጣን ወደ ደረቴ አስጠጋታለሁ።

«የለችም አልኩህ እኮ! ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች» ይሉታል እትዬ ከግቢ። ሚጣ በጣቶቼ መሃል «እማ፣ እትዬ ዋሹ» ትለኛለች።

ዛሬ ሐሙስ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ እትዬ ገብተው የሚጣን የሐኪም ወረቀቶች ሰበሰቡ።

«በር ሰብሮ ቢገባ መጀመሪያ የሚወስደው ይሄን ነው። እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ልቆልፍበት።»

ጉልበታቸውን ስሜ ሸኘኋቸው። በሩን ልቆልፍ ስል የታጠፈ ወረቀት በሩ ሥር አየሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካሁ አነበብኩት።

«እህቴ፣ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ልጅሽ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሮው በር ላይ ጠብቂኝ፤ እመሰክርልሻለሁ። የሐኪም ወረቀቱን እንዳትረሺ። ለአከራይሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ መኪናውን የነዳው ልጇ ነው።»

ነገ አርብ ነው፤ ወረቀቶቹን በምን ብልሃት ላስመልስ? እባካችሁ ምከሩኝ።