ኮምፒውተሩ ነው ያረጀው

እማዬ «አሁኑኑ ነይ» ስላለችኝ የኮምፒውተር ጥገና ሥራዬን ጥዬ መጣሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለበሰችውን ዳንቴል ገፍፌ አንድ የዜና ገጽ ከፈትኩ። ገጹ መስመር በመስመር እየተንፏቀቀ መጣ።

«አየሽ ትርሲትዬ? አርጅቷል» አለ አባዬ ከሶፋው።

አጥፍቼ አበራሁት። የተከማቸውን ፋይል ጠራረግኩ። ኢንተርኔቱን ለካሁ፤ ጤነኛ ነው። አዲሱ ደንብ ከወጣ ወዲህ ግን ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር ተብሎ፣ በየቤቱ ገጽ የሚከፈተው ከቤተሰቡ ሁሉ ይበልጥ ቀስ ብሎ በሚያነበው ሰው ፍጥነት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የቤቱን አንባቢዎች ዝርዝር አየሁ። ታይፒስት የነበረችው እማዬ ዛሬም ንባቧ ይበራል። አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር ሲያርም የኖረው አባዬ አንዷን መስመር ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል።

ዞር ስል መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ነበር።

እማዬን ጓዳ ድረስ ተከተልኳት። «ስሙን ከዝርዝሩ ላውጣው? ወዲያው ይፈጥናል» አልኳት በሹክሹክታ።

«ብትነኪው እጅሽን ነው የምቆርጠው! ዓይኑ መድከሙን አላወቀም። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። የጠራሁሽ እንድትጠግኚው አይደለም። ዓይኑን እንዳይጠራጠር፣ ‹አርጅቷል› የሚለውን ከባለሙያም ይስማ።»

ተመልሼ «እውነትህን ነው አባዬ፣ አርጅቷል» አልኩት።

«አላልኩም?» አለ ደስ ብሎት። እማዬ ኮምፒውተሩን በጥፊ መታ አድርጋ ዳንቴሉን መለሰችበት።

አባዬ እስከ በር ሸኘኝ። ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ነበር የሚሄደው። በሩ ጋ ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ዓይኔን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ አደራ። ኮምፒውተሩ ነው ብዬ አሳምኛታለሁ።»